ዓርብ ማታ የሚጠፋ መብራት

ጎንደር፣ መጋቢት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ሀዳነ፤

እንደምን ከርመሃል? እማ አበቡ እንዴት ናት? ባለቤትህስ፣ ዓይኗን ያላየሁት ልጅህ ሳሪትስ? የእስራኤል አምላክ ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ልልህ ነበር፤ ግን መብራትም ጎድሎብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ስለከዳን ግድቦቹ ጎደሉ ተባለና መብራት በፈረቃ ሆነ። ያገራችን መብራት ከውኃ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ዝናብ የገበሬ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የከተማውም ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚኖረው። ይሄ ደግሞ የእኔን እንጀራ ነካ። ሐጂ ሷሊሕን ታስታውሳቸዋለህ፣ አዲስ ዓለም ሱቅ ያላቸውን፤ ደብዳቤያችን የሚመላለስበት የፖስታ ሳጥንም የሳቸው ነው። አሁን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራሉ። ሸክላውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ጭቃው ሳይደርቅ ከጀርባው እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ እቆፍርበታለሁ፤ ተተኩሶ ሲወጣ እሳቸው በቦዩ ውስጥ የሚግለውን ሽቦ ይዘረጉበታል። አሳድጋ ሸክላ ያስተማረችኝ አክስቴ እማ አበቡ ብታየው «ምነው ልጄ፣ ጀርባውን ምን በላብሽ?» የምትለኝ ይመስለኛል። በዚህ በፈረቃ ጊዜ ታዲያ ማን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል? ሥራዬ ቀዘቀዘ።

የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ ካለው ቀዬአችን ከባለቤቴ ከምንይችል ጋር ወርደን የወይዘሮ ሸዋአየሁን አንድ ክፍል ከተከራየን ዓመታት አለፉ። ከራሳቸው መስመር ስበው አንድ አምፖል ሰጥተውናል፤ እሳቸው ሲተኙ ያጠፉታል። የሚተኙት ደግሞ ከዶሮ ጋር ነው። ሰው ሁሉ የራስሽን ቆጣሪ አስገቢ ይለኛል። እኔ ግን በ83 እናንተ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስትሄዱ፣ እኔ በክርስቲያኗ እናቴ ምክንያት ጥያቄ ተነሥቶብኝ ስቀር፣ ጆሮዬ ላይ ያልከኝን ይዤ አለሁ። «ትከተይኛለሽ፤ ምንም አትትከይ፣ ምንም አትሥሪ» ነበር ያልከኝ። አሁንስ ምን ትላለህ?

እህትህ ባንቺአየሁ

ቤርሳቤህ፣ ሰኔ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤

ሰላምታዬ ከዚህ በረሃ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞንም ሳይፈራ ይድረስሽ። ለምንይችልም እንዲሁ። እኛ ሁላችንም አለን።

እቴ፣ ቆጣሪውን ተይው። ለመንገድ የተነሣ ሰው ቆጣሪ አያስገባም። ነገ ለጉዞ ስምሽ ወጥቶ ስትጠሪ ማን ነቅሎ ይሸከመዋል? እዚህ ለአንቺ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። በበራችን ላይም አንድ አምፖል ሰቅያለሁ፤ ከማታ እስከ ጧት ይበራል። ባለቤቴ ታጉረመርማለች። እኔ ግን ባንቺአየሁ በዚህ በር እስክትገባ አይጠፋም ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግሬአለሁ። ሳሪት እንኳ ገና በኮልታፋ አፏ «የባንቺ መብራት» ትለዋለች።

የእናንተ መብራት ከውኃ ከሆነ የእኛ ከከሰል ነው። እዚህ በባሕሩ ዳርቻ ካለ ማመንጫ ውስጥ ጽዳት ተቀጥሬአለሁ። ከሰሉ በመርከብ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ አቧራው ከሸሚዜ አልፎ ምራቄ ውስጥ ይገባል። ማታ ቤቴ ስገባ ከተማው ሁሉ ሲያብለጨልጭ አያለሁና ይህ ሁሉ ብርሃን ከዚያ ጥቁር ክምር መውጣቱን ማመን ያቅተኛል።

አሁን ደግሞ የእማ አበቡን ጉድ ልንገርሽ። ዓርብ ፀሐይ ልትገባ ስትል እሳት አጥፍተን፣ በዋዜማው የተጋገረውን ዳቦ እየበላን፣ ሰንበትን በጨለማ እንደምናሳልፍ ታስታውሻለሽ። እዚህ ግን እንዲያ አይደለም። ሻማ ቀድሞ ይበራል፣ አምፖሉም እንደበራ ያድራል፤ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚበራና የሚጠፋም አለ። እማ ይህ አልዋጥላት አለ። አንድ ዓርብ ማንም ሳያያት ምድር ቤት ወርዳ፣ የመብራቱን ሳጥን አገኘችና የቤታችን ብቻ መስሏት ዋናውን እጀታ ወደ ታች ጎተተችው። ፎቁ በሙሉ ጨለመ። አንድ ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ይጮሃል። እሷ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ «ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው? ሰንበት ገብቷል በሉት» አለች።

ስንት ይቅርታ ጠየቅሁ መሰለሽ! አሁን ሳጥኑ ቁልፍ ተሠርቶለታል። እማም ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ምነው ስላት «የእኔ ቤት ጨልሟል» አለችኝ። ስቄ ወጣሁና ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ወንድምሽ ሀዳነ

ጎንደር፣ ሐምሌ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለአያ ሀዳነ፤

ጤናህን፣ የቤትህን ጤና፣ የእማን ጉልበት እየጠየቅሁ እጽፍልሃለሁ። በስልክ ድምፅህን ከሰማሁ ወዲህ ደብዳቤ ዘነጋን። ስልክ ላይ ግን ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ገና ሳንጀምር ይቋረጣል። ሆድ ያለውን ለመናገር ወረቀት ይሻላል።

ምንይችል ወደ ደጋው ተመለሰ። አልተጣላንም። አንድ ቀን ጧት ሻንጣችን ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ «እኔ ገበሬ ነኝ ባንቺ። መሬት ሳልነካ ስንት ዓመት ልቀመጥ? ስምሽ ሲወጣ ላኪብኝ፣ ሩጬ እደርሳለሁ» አለኝ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ዓይኔ ቀልቶ ቢያዩ ምን ሆነሽ አሉኝ፤ የሸክላ መተኮሻው ጭስ ነው ብዬ ዋሸኋቸው።

ዘንድሮ ፈረቃው ከድሮውም ባሰ፤ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ከተማው ጄኔሬተር በጄኔሬተር ሆኗል። ናፍጣ መግዛት የቻለ ሱቁን ያንቀጠቅጣል፣ ያልቻለ ሻማ ይገዛል። ከፋሲል ግቢ አጥር ሥር ቆመህ ብትሰማ ወፍጮ ቤት መካከል የቆምክ ይመስልሃል። የወይዘሮ ሸዋአየሁ መስመር ራሱ ሲበራ ስለማይታመን የእኔ አምፖል ብዙ ጊዜ ጌጥ ነው። እኔ ግን ቃልህን አላፈረስኩም። ሻንጣዬም አልጋ ሥር እንደታሰረ ነው፤ አይጥ እንዳትገባበት ብቻ አልፎ አልፎ እፈታዋለሁ።

ስሜን ጠየቅህልኝ?

ባንቺአየሁ

ቤርሳቤህ፣ ጥር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

እቴ ባንቺ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። የምነግርሽ ሸጋ ነገር እስካገኝ ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ አላገኘሁም።

ጠይቄአለሁ። ወላጅና ልጅ የተለያዩት ይቀድማሉ ይባላል። የአክስት ልጅ ወረፋው ኋላ ነው። እማ ያሳደገችሽ መሆኗን፣ ጡት ከጣልሽ ጀምሮ አንድ ቁርበት ላይ መተኛታችንን ነገርኩ። ሰሙኝ፤ ግን ቅጻቸው ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ። ቆጣሪውንም እንዳታስገቢ። ለምንይችልም ወደ ደጋው ሰላምታዬን ላኪልኝ።

አምፖሉ ይበራል።

ሀዳነ

ጎንደር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለአያ ሀዳነ፤

እንኳን ዘመን ለወጠልህ። አዲሱ ዓመት የምንተያይበት ይሁን። እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት ለሳሪት።

አገሩ ቀንቶታል። የጣናን ውኃ በምድር ውስጥ አሳልፈው በለስ ላይ መብራት አወጡበት፤ ከተከዜም መጥቷል። ፈረቃው ጋብ አለ። እንፍራንዝ ያሉ ዘመዶች ባሕሩ ሸሸ ብለው ያማርራሉ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ቀጥኗል ይባላል። መብራትና ፏፏቴ አንድ ላይ አይገኝም መሰለኝ። ብቻ የሐጂ ሷሊሕ ትእዛዝ እጥፍ ሆነ። ወለቃ ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች ቦይ አቆፋፈር እያሳየሁ አብረውኝ እንዲሠሩ አደረግሁ። ጎንደር ውስጥ ስንቱ ቤት በእኔ ምጣድ እንደሚጋግር እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ማታ ማታ በሻማ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የመብራት ሠራተኛ ቆጣሪ የሚፈልጉትን ሊመዘግብ በሰፈራችን ዞረ። እንደ እኛ ጉዞ የሚጠብቁት ሰዎች ግቢ ሲደርስ አንድም እጁን የሚያወጣ ጠፋ። «እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» አለ።

«መንገደኞች ነን» አልነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

አንዷ በጣቶቿ መቁጠር ጀምራ ተወችው። ሠራተኛው አፈረና ሌላ ቤት ሄደ። እኛ ግን እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን።

ባንቺአየሁ

ቤርሳቤህ፣ ኅዳር 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤

መጽናናት ከላይ ይምጣልሽ። ይህን ደብዳቤ ሐጂ ሷሊሕ ከሽማግሌዎች ጋር በማለዳ መጥተው ካረዱሽ በኋላ እንዲሰጡሽ በስልክ ለምኛቸዋለሁ። እንግዲህ ሰምተሻል። እማ አበቡ አረፈች።

ከከሰሉ ቤት ወጥቻለሁ። እሱም አንድ ቀን መዘጋቱ አይቀርም ይላሉ። አሁን በረሃው ላይ ፀሐይ ወደ መብራት የሚለውጡ ሰሌዳዎች ተደርድረው ዓይን እስኪታክት ይሄዳሉ፤ የእኔ ሥራ አቧራቸውን ማጠብ ነው። ሸሚዜ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። እማን አንድ ቀን ወስጄ አሳይቻት ነበር። «ይሄስ ሸጋ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ አብሮ ያርፋል። ሰንበት ያውቃል» አለች። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ወደ ነገሩ መግባት አቅቶኝ ነው።

ሆስፒታል ነበረች። ቀኑ ዓርብ ነበር። በመስኮት ተመለከተችና «ሀዳነ፣ ፀሐይ ልትገባ ነው፤ መብራቱን አጥፋው እንጂ» አለችኝ። ነርሷን ለመንኳት። ሌሎች በሽተኞች አሉ፣ አይጠፋም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። መዳፌን በዓይኗ ላይ አድርጌ ያዝኩላት። «አሁን ደህና ነው። ባንቺም አጥፍታለች» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።



ሀዳነ

ጎንደር፣ የካቲት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአያ ሀዳነ፤

አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ። ለቅሶዋን እዚህ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ ወደ ደጋው ወጣሁ። የቤታችን ድንጋይ ብቻ ቀርቷል፤ ምንይችል ከጎኑ ጎጆ ቀልሷል። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩላት።

ነፋሱ እንደድሮው ነው። ትግራይ ውስጥ በነፋስ መብራት ማውጣት ተጀመረ ይባላል፤ የወገራ ነፋስ ግን ጣራ ከመገልበጥ በቀር እስካሁን ሥራ አላገኘም። ምንይችል ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ ቀን ሞልቶ ማታ አንዲት አምፖል ያበራል። ከተማ ተቀምጬ በሻማ የምኖረው እኔ፣ ጎጆ ውስጥ መብራት ሳይ ቀናሁበት። «ሶላር ነው፤ ማንንም ደጅ አይጠናም» አለኝ እየኮራ።

ዓርብ መጣ። ፀሐይ ስትወርድ ተነሥቶ መብራቱን ጠቅ አድርጎ አጠፋና ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን የእማ ቃል ታወሰኝ። እማ «ባንቺም አጥፍታለች» ብላለች አይደል? አያ ሀዳነ፣ እኔ አላጠፋሁም። ጎንደር ከገባሁ ወዲህ አንድም ዓርብ መብራት አጥፍቼ አላውቅም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬአለሁ፤ ጨለማው ግን የወይዘሮ ሸዋአየሁ ነበር፣ የፈረቃው ነበር። ያላበራሁትን ምን ብዬ አጠፋለሁ?

ቆጣሪ ማስገባት እፈልጋለሁ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከግቢያቸው ጫፍ ቤት የምሠራበት ቦታ ሊለቁልኝ ፈቅደዋል። ሻንጣውን ልፈታው ነው። አንተን መናፈቄን ትቼ እንዳይመስልህ። ቃልህን የጠበቅሁትን ያህል ፈቃድህንም እጠብቃለሁ፤ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

ባንቺአየሁ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአያ ሀዳነ፤

ደህና ነህ? ዓመት አለፈ፤ መልስ የለም። ስልኩንም ሳሪት ናት የምታነሣው፤ «አባዬ ተኝቷል» ትለኛለች፣ በቀን። ተቀይመህ ከሆነ ተቆጣኝ። ዝምታህ ግን አንጀቴን በላው። ቤቱ ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። ቆጣሪው ብቻ አልገባም።

ባንቺአየሁ

ቤርሳቤህ፣ ጥር 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

እቴ፤

አልተቀየምኩም። ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት። እውነቱን ልንገርሽ። እማ ሄደች። ባለቤቴም ሳሪትም የዚህ አገር ሰው ሆነዋል። እኔ ማታ በአውቶቡስ ስመለስ የበሩን አምፖል ከሩቅ ሳይ ገና የምትመጪ አለሽ እላለሁ፤ በዚያ ነው ጉልበቴ ደረጃ የሚወጣው። አንቺ ቆጣሪ ካስገባሽ ያ መብራት ማንን ይጠብቅ? አሁን ደግሞ ቆሞ የነበረው ጉዞ ሊቀጥል ነው የሚል ወሬ አለ። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ።

ለራሴ ብዬ እንደምለምንሽ አውቃለሁ።

ሀዳነ

ጎንደር፣ ጥር 22 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ሀዳነ፤

ሰላምህ ይብዛ። ፋሲካ አለፈ፤ ሌላም ፋሲካ አለፈ። ጉዞው ቀጥሎ ከመንገደኞቹ ግቢ ስንቶችን ሸኘሁ። ሲሄዱ ዕቃቸውን ለእኔ ይተዋሉ፤ ቤቴ የሌላ ሰው ወንበር ሞልቶታል። በአንተ አልፈርድም። የሚጠብቅህ ሰው መኖሩ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን አርጅቻለሁ አያ። ባለፈው ማክሰኞ ቆጣሪው ገባ።

ለመስመሩ ምሰሶ ያስፈልጋል ቢባል ምንይችል ከደጋው ረጅም ባሕር ዛፍ ቆርጦ በአይሱዙ ጭኖት መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ስምሽ ወጣ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ቆጣሪው ላይ» አልኩት። ሲስቅ ወገቡን ያዘ። ምሰሶውን ከተከለ በኋላ ግን አልተመለሰም፤ በሬውን ለወንድሙ ሰጥቶ እዚሁ አብሮኝ አለ። ሐጂ ሷሊሕ የራሴን ሸክላ ሽቦ ዘርግተው ስጦታ አመጡልኝ። «እርስዎ ሳይጋግሩበት ጎንደር ሁሉ ጋገረበት» አሉኝ። ውኃውም ነፋሱም በአንድ ሽቦ ነው የሚመጣ አሉ አሁን፤ የትኛው የእኔን አምፖል እንዳበራው አላውቅም።

ዓርብ ደረሰ። ፀሐይ ከተራሮቹ ማዶ ስትጠልቅ ተነሥቼ ማጥፊያውን ተጫንኩት። በእጄ። ጎረቤቶቻችን በርቶላቸዋል፣ የመንገዱ መብራት በርቷል፣ የእኔ ቤት ጨለመ። «እማ፣ አጠፋሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። ምንይችል እጄን ያዘኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። አልመጣም ይሆናል። ግን ፀሐይ እናንተ ዘንድም እኛም ዘንድ ተቀራርባ ነው የምትገባው ይላሉ። የፊታችን ዓርብ የበሩን አምፖል አጥፋውና ተቀመጥ። እኔም አጥፍቼ እቀመጣለሁ። አንድ ጨለማ ውስጥ እንሁን፣ እንደልጅነታችን።

እህትህ ባንቺአየሁ

ቤርሳቤህ፣ የካቲት 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤

የሰንበት አምላክ ቤትሽን ይባርክ። ለምንይችል ምሰሶውን ስለተከለልሽ እጁን ስሜአለሁ በይልኝ።

ደብዳቤሽ ያልሽው ዓርብ ካለፈ በኋላ ደረሰኝ፤ ስለዚህ ቀጣዩን ያዝኩ። አንቺ እንደሆንሽ በየሳምንቱ እንደምታጠፊ አውቃለሁ። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ሰሌዳዎቹ ላይ ፀሐይዋ ቀልታ ስትወርድ አየኋት። ቤት ደርሼ ወንበር ወደ በሩ አወጣሁ፣ እጄን ዘርግቼ የበሩን አምፖል አጠፋሁት። ከሰቀልኩት ወዲህ አንድም ማታ በእጄ አጥፍቼው አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ የጨለማው ሽታ እንኳ የደጋው መሰለኝ።

ሳሪት ከወታደር ቤት ለሰንበት ፈቃድ ወጥታ ቦርሳዋን እንዳዘለች ደረጃውን ወጣች። ጨለማው ውስጥ ቆመች።

«አባዬ፣ የባንቺ መብራት ጠፍቷል። መጣች እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፤ ቀስ በይ፣ አጠገቤ ተቀምጣለች» አልኳት።

ወንድምሽ ሀዳነ